የተወጋች ዝንብ ጂን እንዴት ይነበባል? ከመርፌ እስከ ፒሲአር

ሙዝ ገዝታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሦስት አራት ቀን ብትረሱት፣ ከየት መጣች የማትባል ቀይ ዓይን ትንኝ ዙሪያውን መዞር ትጀምራለች። የጠጅ ብርሌ አፍ ላይም አትጠፋም። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳይንሱ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ይላታል። እኛ እዚህ የፍራፍሬ ዝንብ፣ ሲያጥር ዝንብ እንበላት።

እስቲ ኑሮዋን አስቡት። እንቁላሏን የምትጥለው የበሰበሰ ፍሬ ላይ ነው። ልጆቿ የሚበሉት ከእርሾና ከባክቴሪያ ጋር የተለወሰ ነገር ነው። እንደ እኛ አንቲቦዲ አታመርትም። ግን ትኖራለች፣ ትራባለችም።

ምስጢሩ ጂኖቿ ላይ ነው። ባክቴሪያ ሰውነቷ ውስጥ ሲገባ፣ ተኝተው የነበሩ ጂኖች በሰዓታት ውስጥ ይበራሉ። ፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር ፕሮቲኖች ይመረታሉ። ደሟን ይሞሉታል፣ ባክቴሪያውንም ይገድሉታል። ይህ መመሪያ ያንን መብራት በቁጥር እንዴት እንደምትለኩ ያሳያል። የጻፍኩት ለማስተርስ ተማሪና ለላብራቶሪ ጀማሪ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ነገሩን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰውም ይሆናል።

ፒሲአርን (የጂን ቅጂን እያባዛ የሚለካውን ዘዴ) በኮሮና ጊዜ አፍንጫችን እየተጠረገ ለምደነዋል። እዚህም የምንጠቀመው እሱኑ ዓይነት ማሽን ነው። ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ማሽኑ ቀላሉ ክፍል ነው። ሥራው የሚበላሸው መርፌው ላይና ሰዓቱ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ የማወራው ስለ እነሱ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ደወሎች እወቁ

የዝንቧን ምላሽ ለመለካት ሁሉንም ጂን ማሳደድ አያስፈልግም። ለጀማሪ ሁለት ይበቃሉ፦ ዲፕተሪሲን እና ድሮሶማይሲን። እያንዳንዳቸው የአንድ ደወል ድምፅ ናቸው።

ዝንቧ ባክቴሪያን የምታውቀው በግድግዳው ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል መረብ ይሠራል። የመረቡ ቋጠሮ ግን ከባክቴሪያ ባክቴሪያ ይለያል። ቋጠሮው ዳፕ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ሴሎቿ ላይ የተተከለ ፒጂአርፒ-ኤልሲ የሚባል ተቀባይ ይይዘዋል። መልእክቱ ኢምድ በሚባለው መንገድ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሬሊሽ የሚባል ፕሮቲን ለሁለት ይቆረጣል። ከፊሉ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ዲፕተሪሲንን ያበራል።

ቋጠሮው ላይሲን ያለበት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የሚይዘው ደሟ ውስጥ የሚንሳፈፈው ፒጂአርፒ-ኤስኤ ነው። ከዚያ ቆራጭ ኢንዛይሞች አንዱ አንዱን እየቀሰቀሱ ሽፔትስሌ የሚባል ፕሮቲን ጋ ይደርሳሉ። ሽፔትስሌ ሲቆረጥ ቶል የሚባለው ተቀባይ ላይ ይቀመጣል። ዲፍ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። ድሮሶማይሲን ይበራል። አብዛኛው ምርት የሚካሄደው የስብ አካል በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። ለዝንቧ እንደ ጉበት የሚያገለግላት እሱ ነው።

መማሪያ መጻሕፍት ይህንን ያሳጥሩትና “ኢምድ ለግራም ኔጋቲቭ፣ ቶል ለግራም ፖዘቲቭ” ይላሉ። ግራም ባክቴሪያዎችን በሚይዙት ቀለም ለሁለት የሚከፍል የላብራቶሪ ምርመራ ነው። አትሸወዱ። ዝንቧ የግራም ቀለም አታነብም፣ የምታነበው ቋጠሮውን ነው። ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግራም ፖዘቲቭ ሆነው ሳለ ቋጠሯቸው ዳፕ ነው። ስለዚህ ኢምድን ይቀሰቅሳሉ። ድሮሶማይሲን ራሱም ሌላ ግራ መጋባት አለበት። ዋና ሥራው ሻጋታ መግደል ነው። ቶል ሻጋታንም ስለሚመለከት ነው አብሮ የሚበራው። እኛ የምንለካው ደወሉ መደወሉን ለማወቅ እንጂ ባክቴሪያውን የገደለው እሱ ነው ብለን አይደለም።

ታሪኩን ባጭሩ። ስዊድን ውስጥ ሃንስ ቦማንና ባልደረቦቹ ሴክሮፒያ የምትባል ትልቅ የእሳት እራትን፣ ገና በድሯ ተጠቅልላ ሳለች፣ ባክቴሪያ ወጉና ደሟን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሴክሮፒን የተባለውን ፔፕታይድ ይፋ አደረጉ። ቶል ደግሞ መጀመሪያ የታወቀው በሌላ ሥራው ነው። ጽንሷ ስታድግ ጀርባና ሆድን የሚለይ ጂን ነው። ስሙን ያወጣለት የክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድ ላብራቶሪ ነው። “ቶል” በጀርመንኛ “አሪፍ” እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ስትራስቡርግ ውስጥ የዡል ሆፍማን ቡድን ይህ ጂን ከበሽታ መከላከልም ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳየ። ቶል የተበላሸባቸው ዝንቦች በሻጋታ አለቁ። ሆፍማን በ2011 ኖቤል ተሸለመ። የሰው ልጅ ቶል መሰል ተቀባዮች ወሬ የገነነው ከዚህ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ባክቴሪያ ምረጡ

ለኢምድ ኢሲሲ15 የሚባለውን እመክራለሁ። የድሮ ስሙ ኤርዊኒያ ካሮቶቮራ ነው፣ አሁን ፔክቶባክቴሪየም ይባላል። ድንችና ካሮት የሚያበሰብስ የተክል በሽታ ነው። ሰውን አያሳምምም። ጤነኛ ዝንብም በአብዛኛው ታመልጠዋለች፤ ይህ ለእኛ ጥሩ ነው፣ የሞተች ዝንብ አር ኤን ኤ አይለካማ። እሱን ካላገኛችሁ ተራ የላብራቶሪ ኢ. ኮላይ ይሠራል።

ለቶል ማይክሮኮከስ ሉቴየስ አለላችሁ። ሳህን ላይ ቢጫ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) የሚያበቅል የዋህ ባክቴሪያ ነው። ዝንቧን አይገድልም፣ ደወሉን ግን በደንብ ይደውላል።

ሱዶሞናስን ለመጀመሪያ ሙከራ አትንኩት። ዝንቦቹን በአንድ ቀን ይጨርሳቸዋል፤ ለሰውም አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ዝንቦቹን አዘጋጁ

ዝንቦቹን በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አርቡ። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ወደ 10 ቀን ይፈጃል። ምግባቸው የበቆሎ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳርና አጋር ነው። ሻጋታ መከላከያ ይጨመርበታል። አንቲባዮቲክ ግን በፍጹም አታስገቡ። ይህንን የምለው ዕቃ ሳይታጠብ ተላልፎ ስላየሁ ነው።

ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ቀን የሆኑትን ውሰዱ። አሁን የወጣች ዝንብ አካሏ ገና አልጠናም፣ ያረጀች ደግሞ ሳትወጓትም የመከላከያ ጂኖቿ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ወንድና ሴቱን ለዩ። ሴቷ እንቁላል ስለያዘች አር ኤን ኤዋ ይበዛል፣ ምላሿም ከወንዱ ይለያል። እኔ ለጀማሪ ወንዶቹን እመርጣለሁ። በአንድ ብልቃጥ 20 ይበቃሉ። ከለያችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን አሳርፏቸው።

ሙዝ ላይ የያዛችኋትን ትንኝ መጠቀም ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለጨዋታ ይቻላል። ለቁጥር ግን አይሆንም። ዎልባኪያ የሚባል ሴል ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ይዛ ሊሆን ይችላል። ዘሯ የታወቀ ኦሪገን-አር ወይም ካንቶን-ኤስ ይሻላል። አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ያለው የብሉሚንግተን የዝንብ ባንክ እነዚህን ያሰራጫል።

እዚያው ስታዝዙ ሁለት የተበላሹ ዘሮችን ጨምሩ፦ ሬሊሽ የጎደላትንና ሽፔትስሌ የጎደላትን። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ደረጃ 3፦ የባክቴሪያውን ገንፎ ሥሩ

ባክቴሪያውን በፈሳሽ ምግብ ውስጥ እየናጣችሁ አሳድሩት። ኢሲሲ15 የሚወደው 29 ዲግሪ ነው፣ ኢ. ኮላይ 37። ጠዋት በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሩት። ላይ ያለውን ፈሳሽ ድፉት። ታች የቀረውን ዝቃጭ በጥቂት ፈሳሽ በጥብጡት።

አሁን ድፍርስነቱን መለካት አለባችሁ። በ600 ናኖሜትር ብርሃን የሚለካው ኦዲ የሚባለው ነው። በዚህ ሙያ የተለመደው ቁጥር 200 ነው። ጀማሪ ይህንን ሲሰማ ማሽኑ ውስጥ ገንፎውን በቀጥታ ያስገባና ትርጉም የሌለው ቁጥር ያወጣል። ማሽኑ 200ን ማንበብ አይችልም። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከገንፎው 1 ማይክሮሊትር ውሰዱ። 999 ማይክሮሊትር ንጹህ ፈሳሽ ውስጥ ጨምሩ። ንባቡ 0.2 ከሆነ ዋናው 200 ነው ማለት ነው። ከበዛ አቅጥኑት። ካነሰ እንደገና አሽከርክራችሁ ፈሳሽ ቀንሱለት።

ሲደርስ መልኩ እርጎ ይመስላል፣ ፒፔት ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። በረዶ ላይ አስቀምጡትና በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። ነገ አይሆንም።

ደረጃ 4፦ መውጋት

እጅ የሚፈታበት ቦታ ይህ ነው። ቸኩላችሁ አትግቡበት። የመጀመሪያዎቹን 50 ዝንቦች ለልምምድ ብቻ ውጉና ጣሏቸው።

ቀጭን የቱንግስተን መርፌ ወይም ነፍሳት የሚሰካበት 0.1 ሚሊ ሜትር ስፒል በመያዣ ላይ ግጠሙ። ዝንቦቹን በካርቦን ዳይኦክሳይድ አስተኟቸው። ጋዙ ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ አታቆዩአቸው። ማይክሮስኮፑ ሥር ዝንቧን በጎኗ አጋድሙ። የመርፌውን ጫፍ ገንፎው ውስጥ ንከሩ። ደረቷ ላይ፣ ከክንፏ ሥር ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ ፈልጉ። ቆዳው እዚያ ሳሳ ይላል። ጫፉን ብቻ አስገቡ። “ጠቅ” የምትል ትንሽ መሸነፍ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ወዲያው አውጡ። ጥልቅ ከገባ የክንፍ ጡንቻዋን ትቀድዳላችሁ፣ ወደ ሆዷ ከወረደ ደግሞ አንጀቷን ትበሳላችሁ። ያኔ ደሟ ውስጥ የገባው የእናንተ ባክቴሪያ ብቻ አይሆንም።

ለእያንዳንዷ ዝንብ መርፌውን እንደገና ንከሩ። አንድ ነክራችሁ አምስት ከወጋችሁ አምስተኛዋ የደረሳት ምንም ነው።

አሁን ስለ ቡድኖቹ። ሦስት ያስፈልጋሉ። ያልተወጉ፣ በንጹህ መርፌ የተወጉ እና በባክቴሪያ የተወጉ። መካከለኛውን ብዙ ሰው “ጊዜ ለመቆጠብ” ይዘለዋል። ያ ሰው አንድ ጊዜ እኔ ነበርኩ። ቁስል ብቻውን ጂኖቹን በመጠኑ ያነሳሳል። ቆዳዋ ላይ ያለ ተራ ባክቴሪያ በቀዳዳው ይገባል። ንጹህ መርፌ ያልወጋ ሰው የለካው በሽታውን ይሁን ቁስሉን አያውቅም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ሁልጊዜ ከንጹሁ ጀምሩ። እኔ በሁለተኛው ዙር ንጹህ ቡድን ጨመርኩ፣ ግን ባክቴሪያውን ወግቼ ስጨርስ መርፌዋን በአልኮል ጠረግ አድርጌ በሷው ቀጠልኩ። የንጹሁ ቡድን ዲፕተሪሲን ጣሪያ ነካ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፒሲአሩን ስወቅስ ከረምኩ። ጥፋቱ የጠረግኩባት ጨርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለየቡድኑ የየራሱ መርፌ አለኝ፣ የመያዣዎቹም ቀለም ይለያያል።

ከተወጉ በኋላ ብልቃጡን በጎኑ አጋድሙት። ካቆማችሁት የደነዘዘችው ዝንብ ምግቡ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። ሁሉም ነቅተው መሄድ ሲጀምሩ ቀና አድርጉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት የሚሞቱትን ከቁጥር አውጧቸው። የገደላቸው መርፌው ነው።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱ

ሁለቱ ደወሎች በአንድ ፍጥነት አይደውሉም። ኢምድ ፈጣን ነው። ዲፕተሪሲን ከተወጋች ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚያ ይወርዳል። ዝንቧ ራሷ የምታጠፋበት መሣሪያ አላት፤ ፒጂአርፒ-ኤልቢ የሚባል ኢንዛይም የባክቴሪያውን ግድግዳ ስባሪ ይቆራርጣል፣ ደወሉም ዝም ይላል። ቶል ዝግ ያለ ነው። ድሮሶማይሲን 24 ሰዓት አካባቢ ነው የሚደምቀው።

ስለዚህ በ6 ሰዓት ብቻ የሰበሰበ ሰው “ቶል አልሠራም” ይላል። በ48 ሰዓት ብቻ የሰበሰበ ደግሞ “ኢምድ አልሠራም” ይላል። ሁለቱም ያው ዝንብ ነው ያዩት። አቅም ካላችሁ 0፣ 3፣ 6፣ 12፣ 24 እና 48 ሰዓት ላይ ሰብስቡ። አቅም ከሌላችሁ 6 እና 24 ይበቃሉ።

የዝንቧ የሰውነት ሰዓትም መከላከያዋ ላይ እጅ አለበት። ስለዚህ ሁልጊዜ በተመሳሳይ የቀን ክፍል ውጉ፣ መብራቱንም 12 ሰዓት አብርታችሁ 12 ሰዓት አጥፉ።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ “3 ሰዓት” ብላችሁ አትጻፉ። የኔን አንዴ ጓደኛዬ “ከተወጉ 3 ሰዓት በኋላ” ብሎ አነበበው፣ እኔ የጻፍኩት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት ነበር። ሌላ ፈረንጅ ባልደረባ ቢያነበው ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያደርገው ነበር። “ከተወጉ + 3” ብላችሁ ጻፉና ተገላገሉ።

ደረጃ 6፦ አር ኤን ኤውን አውጡ

ጂን ሲበራ የአር ኤን ኤ ቅጂ ይወጣል። የምንቆጥረው ያንን ቅጂ ነው። ችግሩ አር ኤን ኤ ቶሎ ይበጣጠሳል። እጃችን፣ ትንፋሻችን፣ ጠረጴዛው ሁሉ የሚበጣጥሰው ኢንዛይም አለበት። ጓንት ቀይሩ፣ አትሰስቱ።

10 ዝንቦችን በአንድ ትንሽ ቱቦ ውስጥ አድርጉ። ትሪዞል (ሴሉን አፍርሶ አር ኤን ኤውን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ጨምሩና ወዲያው ፍጩ። ዛሬ ካልደረሰላችሁ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዛችሁ በ-80 ዲግሪ አስቀምጡ። መብራት የሚጠፋበት ላብራቶሪ ከሆነ ትሪዞል ውስጥ ተፈጭቶ ይቀመጥ፤ ፍሪዘሩ ትንሽ ቢሞቅም ይህኛው ይችላል። ትሪዞልና ክሎሮፎርም መርዝ ናቸው። ጭስ በሚስበው ሳጥን ውስጥ ሥሩ።

ክሎሮፎርም ጨምራችሁ ነቅንቁ። በ4 ዲግሪ፣ በ12,000 ጂ፣ ለ15 ደቂቃ አሽከርክሩ። ቱቦው ሦስት ፎቅ ይሆናል። ታች ሮዝ ፈሳሽ አለ። መሃል ነጭ ስስ ነገር። ላይ እንደ ውሃ የጠራ። አር ኤን ኤው ያለው ላይኛው ላይ ነው። ቀስ ብላችሁ በፒፔት ቅዱት። እስከ መጨረሻው ጠብታ አትስገብገቡ። ነጩን ከነካችሁ ዲ ኤን ኤ ይገባል።

ከዚያ ያለው የተለመደ ነው። አይሶፕሮፓኖል፣ ማሽከርከር፣ በ75 በመቶ ኢታኖል ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በውሃ ማሟሟት። ጥራቱን ስትለኩ የ260 ናኖሜትር ንባብ ለ280 ናኖሜትሩ ሲካፈል 2.0 አካባቢ ይምጣ።

ደረጃ 7፦ ፒሲአር

መጀመሪያ ዲ ኤን ኤ በላተኛውን ኢንዛይም ተጠቀሙ። ይህ ለድሮሶማይሲን ግዴታ ነው። የሱ ጂን ኢንትሮን (ከአር ኤን ኤው ላይ ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) የለውም። ስለዚህ ፕራይመራችሁ (ፒሲአሩ የትኛውን ጂን እንደሚያባዛ የሚጠቁም አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) ከአር ኤን ኤ የመጣውንና ከክሮሞሶም የመጣውን አይለይም። በመቀጠል ከሁሉም ናሙና እኩል አር ኤን ኤ፣ ለምሳሌ 500 ናኖግራም፣ ወስዳችሁ ወደ ሲዲኤንኤ (የአር ኤን ኤው የዲ ኤን ኤ ግልባጭ) ቀይሩ። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቱቦ መቀየሪያው ኢንዛይም ሳይገባበት ይለፍ። እሱ ላይ ምልክት ከታየ ዲ ኤን ኤ ቀርቷል ማለት ነው።

ሳህኑ ላይ ሦስት ጂን ጫኑ። ዲፕተሪሲን፣ ድሮሶማይሲን እና አርፒኤል32። የመጨረሻው የራይቦሶም ፕሮቲን ጂን ነው፤ ዝንቧ ታመመችም አልታመመችም ብዙም አይለዋወጥም። ሚዛን ላይ እንደሚቀመጥ ድንጋይ ነው። እያንዳንዱን ናሙና በሦስት ጉድጓድ ድገሙ።

ፒሲአር ማሽን የሌላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ድሮሶማይሲን ሲበራ አረንጓዴ ብርሃን እንድትሰጥ የተደረገች ዝንብ አለች። ውጓት፣ በማግስቱ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጧት። ቁጥር አታገኙም፣ ግን የስብ አካሏ ሲያበራ ታያላችሁ።

ደረጃ 8፦ ሒሳቡ

ማሽኑ የሚሰጣችሁ ሲቲ የሚባል ቁጥር ነው፤ ምልክቱ እስኪታይ የፈጀው የማባዛት ዙር ማለት ነው። ትንሽ ሲቲ ማለት ብዙ ቅጂ ማለት ነው። እያንዳንዷ 1 ልዩነት የእጥፍ ልዩነት ናት። ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልፍጠር።

ያልተወጉት፦ ዲፕተሪሲን 27፣ አርፒኤል32 18። ልዩነቱ 9።
በንጹህ መርፌ የተወጉት፦ ዲፕተሪሲን 24፣ አርፒኤል32 18። ልዩነቱ 6።
በባክቴሪያ የተወጉት፦ ዲፕተሪሲን 19.5፣ አርፒኤል32 18። ልዩነቱ 1.5።

ባክቴሪያውን ካልተወጉት ጋር ብናነጻጽር 9 ሲቀነስ 1.5፣ 7.5 ይሆናል። 2ን ወደ 7.5 ስናነሳ 181 ገደማ። “181 እጥፍ ጨመረ!” ያስብላል። ከንጹህ መርፌ ጋር ስናነጻጽረው ግን 6 ሲቀነስ 1.5፣ 4.5 ነው። ይህ 23 እጥፍ ገደማ ነው። የባክቴሪያው ድርሻ ይህኛው ነው። ቁስሉ ብቻውን 8 እጥፍ አምጥቷል። ሁለቱንም ጻፉ፣ ስዕላችሁ ላይ ግን ሦስቱም ቡድን ይታይ።

ስታቲስቲክሱን በሲቲ ልዩነቱ ላይ ሥሩ፣ በእጥፉ ላይ አይደለም። እና አንድ የማያልቅ ስህተት፦ ሦስት ጉድጓድ ሦስት ሙከራ አይደለም። ሦስት ሙከራ ማለት በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በአዲስ ዝንብና በአዲስ ገንፎ የተሠራ ነው።

ደረጃ 9፦ ጂኑ በራ፤ ዝንቧስ ተረፈች?

ጂን መብራቱና ዝንቧ መዳኗ ሁለት ነገር ናቸው። ስለዚህ ጎን ለጎን ሌላ 60 ዝንብ ያህል ወግታችሁ በየቀኑ የሞተውን ቁጠሩ። ከጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ዝንቧን ፈጭታችሁ ሳህን ላይ ዝሩና የባክቴሪያውን ኮሎኒ ቁጠሩ። አንዳንዷ ባክቴሪያውን አጥፍታ ትድናለች። ሌላዋ ተሸክማው ትኖራለች።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ምሳሌ ፕሮቪደንሺያ ረትገሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሥራ ዲፕተሪሲን ውስጥ አንዲት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ጡብ) ብቻ ስትቀየር ዝንቧ ለዚህ ባክቴሪያ የምትጋለጠው መጠን እንደሚለያይ አሳየ። 69ኛው ቦታ ላይ ሴሪን ያላት ትቋቋማለች፣ አርጂኒን ብቻ ያላት ትጎዳለች። በ2019 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የፔፕታይድ ጂኖቹን ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ እየሰረዙ ሲፈትሹ፣ ለዚህ ባክቴሪያ ዋናው መከላከያ ዲፕተሪሲን ሆኖ ተገኘ። ብዙ ፔፕታይድ እያላት አንድ ባክቴሪያ ላይ አንዱ ብቻ ነው የሚቆመው። በፒሲአር ብታዩት ሁሉም በርተዋል። ማን እንደሠራ የነገረን ስረዛው ነው።

በንብና በወባ ትንኝ ልሞክረው ብትሉ

ይቻላል፣ ግን የዝንቡን ፕራይመር ይዛችሁ አትሂዱ። ንብ የራሷ ፔፕታይዶች አሏት፦ አቤሲን፣ ሃይመኖፕቴሲን፣ አፒዴሲን። እ.ኤ.አ. በ2006 የንብ ጂኖም ሲነበብ የመከላከያ ጂኖቿ ቁጥር ከዝንቧ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሀገራችን ቀፎ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ። ንብ ቀፎ ውስጥ ምን እንደነካት ስለማታውቁ ያልተወጋው ቡድናችሁ የግድ ጸጥ ያለ አይሆንም።

የወባ ትንኝ ላይ ሬሊሽን የሚመስለው ሬል2 ይባላል። ባክቴሪያን ብቻ ሳይሆን የወባ ተውሳክንም ይዋጋል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የከተማ ወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ከተገኘች ወዲህ ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

የተክል ቅማል ላይ ግን ኢምድን አትፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአተር ቅማል ጂኖም ሲወጣ መንገዱ ዋና ዋና ክፍሎቹ እንደጎደሉት ታየ።

ሲበላሽ

የባክቴሪያው ቡድን ካልተወጉት ካልተለየ፣ መጀመሪያ ገንፎውን ጠርጥሩ። ሳህን ላይ ዝሩትና ሕያው መሆኑን እዩ። ያልተወጉት ራሳቸው ከፍ ካሉ ምግቡን እዩት፤ ቀልጦ የሸተተ ብልቃጥ ውስጥ የኖረች ዝንብ ጤነኛ አይደለችም። አርፒኤል32 ከናሙና ናሙና በሦስት ሲቲ ከዘለለ ችግሩ አር ኤን ኤው ላይ ነው፣ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። ድሮሶማይሲን በ6 ሰዓት ዝም ካለ ምንም አልተበላሸም፣ 24 ሰዓት ጠብቁ።

እና ሁለቱ የተበላሹ ዘሮች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ሬሊሽ የሌላት ዝንብ በኢሲሲ15 ስትወጋ ዲፕተሪሲኗ መነሳት የለበትም። ሽፔትስሌ የሌላት በማይክሮኮከስ ስትወጋ ድሮሶማይሲኗ እንዲሁ። ከተነሳ ወይ ዲ ኤን ኤ ቀርቷል፣ ወይ ብልቃጥ ተለዋውጧል። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ደርሶብኛል። ብልቃጥ ላይ በማርከር የተጻፈ ስም በአልኮል ይጠፋል። በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉና ለጥፉት።